ባሕሩን የሚጠብቅ ራሱንም ያስጠብቅ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ጎረቤቱን የሚጠብቅ ሰው ምን ተብሎ ሊጠራ ይገባዋል? ጆሮ ጠቢ ነውን ወይስ ዘበኛ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ሰዎች እንጀራ ከአንድ የጋራ ሀብት በሚወጣበት ስፍራ ሁሉ መልስ የሚሻ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት እንዲመቸኝ፣ አፖ ወደምትባለው ትንሽ የፊሊፒንስ ደሴት ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የአፖ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በዚያ አካባቢ በደማሚትና በመርዝ ማጥመድ ስለ ተለመደ፣ ኮራል የሚባለው ዓሦች የሚጠለሉበት የባሕር ውስጥ ዐለት ይጠፋ ጀመር። በዚህ ጊዜ ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ዶክተር አንጄል አልካላና ባልደረቦቻቸው ከደሴቲቱ ሰዎች ጋራ ብዙ ከተመካከሩ በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. 450 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባሕር ዳርቻ ማንም እንዳያጠምድበት ተከለለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሰላም ያደገ ዓሣ ብዙ እንቍላል ይጥላል፤ ሲበዛም ከተከለለው ውሃ እየወጣ ወደ አጥማጆች እጅ ይመጣል። ክልሉን የጠበቁት ግን ከሩቅ የመጡ ወታደሮች አልነበሩም፤ የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በሌሊት ታንኳውን ወደ ተከለለው ውሃ የሚያስገባው ሰው ባዕድ ላይሆን ይችላል። የአክስት ልጅ፣ አበልጅ፣ ወይም ልጆቹ ያለ እራት ያደሩበት ጎረቤት ይሆናል። ዘበኛው ዝም ቢል ርኅሩኅ ይባላል፤ ቢናገር ጨካኝ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ዝምታው ርኅራኄ የሚሆነው ዓሣው የዘበኛው የግል ገንዘብ ቢሆን ነው። የሌላውን ድርሻ አንሥቶ መስጠት ቸርነት አይደለም። ለተራበው ጎረቤት የሚያዝን ሰው ከራሱ ማሰሮ ያካፍለው እንጂ፣ በጨለማ የሁሉን ጎተራ አይክፈትለት።

ይሁን እንጂ የሚጠብቅ ሁሉ የተመሰገነ አይደለም። ጆሮ ጠቢ በስውር ያያል፤ በስውር ይናገራል፤ እርሱን የሚያይ ግን የለም። እውነተኛ ዘበኛ ሕጉን ከሌሎች ጋራ ተመካክሮ ያወጣ፣ ያየውን በጉባኤ ፊት የሚናገር፣ ተራው ሲያልፍም እርሱ ራሱ በሌላው ዓይን የሚጠበቅ ነው።

ከአፖ ብዙም በማትርቀው በሱሚሎን ደሴት እንዲህ ያለ ክልል በ1974 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የአካባቢው አስተዳደር መሪዎች ተለወጡና ጥበቃው ፈረሰ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሳይሞላም አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በሹም ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ ከሹሙ ጋራ ይሻራል፤ በሰው ሕሊና ውስጥ የተተከለ ግን ሻሪ የለውም።

መጠበቅ ደግሞ በእውነት መቍጠር ነው። በአፖ ሊቃውንት እየጠለቁ ዓሣውን ለብዙ ዓመታት ሲቈጥሩና ሲጽፉ ኖረዋል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የተከለለውን ኮራል ክፉኛ ጐዳው። የቀድሞው ቍጥር ባይጻፍ ኖሮ፣ ጥፋቱ ከሰማይ ይሁን ከሰው እጅ ማን ይለየው ነበር? ሰውን ለማስደሰት ቍጥር የሚያበዛ ቈጣሪ ከሌሊቱ ሌባ አይሻልም፤ ያ ዓሣ ይሰርቃል፤ ይህ እውነትን።

እናንተም ነገ የዕድር ገንዘብ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ወይም የመንደር ምንጭ በዐደራ ትቀበሉ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ማንን ልጠብቅ ከማለታችሁ በፊት፣ እኔንስ ማን ይጠብቀኝ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ሳይፈራ የሚጠይቅ ሰው ጎረቤቱን ቢጠብቅ አያሳፍረውም፤ ጎረቤቱም አይጠላውም።