ገበናና የመዳብ ጫፍ

ሰው ራሱን ለሌላው ምን ያህል ሊገልጥ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከመጠን አንጻር ሲሆን፣ ብዙ የገለጠ እውነተኛ፣ ብዙ የሸሸገ ደግሞ አስመሳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ግን መሸፈን ራሱ የሚሠራውን ሥራ ይዘነጋል፤ ያንን ሥራ አጉልተው ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የሞተርና የትራንስፎርመር ጥቅል የሚጠመጠምበት ሽቦ ነው።

ይህ ሽቦ ላየው ሁሉ ራቁቱን ያለ መዳብ ይመስላል፤ ይሁንና ኢናሜል በሚባል፣ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ በማይበልጥና ኮረንቲ በማያሳልፍ ሽፋን የተለበጠ ነው። ዊልያም ስተርጅን በ1825 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤሌክትሮማግኔት ሽቦው ያልተሸፈነ ስለ ነበር ዙሮቹ እንዳይነካኩ ተራርቀው መጠምጠም ነበረባቸው፤ ጆሴፍ ሄንሪ ግን ሽቦውን በክር ሸፍኖ ዙሩን በዙር ላይ በመደረቡ በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ለማንሣት በቃ። ዙሮቹ ቢነካኩ ኮረንቲው በአቋራጭ ስለሚያልፍ ኃይላቸው ይባክናል፤ ኃይላቸው የሚደመረው ተጠጋግተው ሳይነካኩ ሲኖሩ ነው። በአንድ ግቢ ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጎረቤታሞችም ቡናቸውና ዕድራቸው የሚጸናው አንዱ የሌላውን ገበና፣ ማለትም ተከድኖ ሊኖር የሚገባውን የቤት ጉዳይ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ስለሚያልፍ ነው።

ሆኖም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሸፈነ ሽቦ ከምንም ጋር አይገናኝም። ኢናሜሉ ሳይነሣ ሊድ፣ ማለትም ቆርቆሮ ያለበት የብየዳ ቅይጥ፣ ቢቀልጥበት በቅባት ላይ እንደ ወደቀ ውኃ ድቡልቡል ሆኖ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ስለዚህ ባለሙያው ጫፉን ብቻ በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እያዞረ ይፍቃል፤ ቡናማው ልባስ ተነሥቶ ሐመር ቀይ መዳብ ዙሪያውን ሲያበራ ሊዱ ይዘረጋል፣ በመጋጠሚያውም መዳብ ብቻ ወይም ቆርቆሮ ብቻ ያልሆነ ስስ ንብርብር ይፈጠራል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሽፋን በ390 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በራሱ በብየዳው ሙቀት ይነሣል፤ ሙቀትን የሚቋቋመው ፖሊአሚድኢሚድ ግን መፋቅን ይጠይቃል፤ ከመጠን በላይ ከተፋቀ ደግሞ መዳቡ ይሰረጎድና ሽቦው ቆይቶ በዚያው ቦታ ይበጠሳል።

እንግዲህ ጥያቄው ምን ያህል ሳይሆን የት የሚል ሊሆን ይገባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመኑ ኃጢአቱን የሚናዘዘው በአደባባይ ሳይሆን ለንስሐ አባቱ ነው፤ ለሌላው ሁሉ የተከደነው ሕይወት በዚያች አንዲት ጠባብ ስፍራ ሳይሸራረፍ ይገለጣል፤ ግማሹን አስቀርቶ መናዘዝም በደንብ ያልተፋቀ ጫፍን መበየድ ነው፤ ላዩን የያዘ ቢመስልም ውስጡ አልተገናኘም። በአባቱ ፊት ያለው ሙቀት ብቻውን የሚከፍተው ልብ አለ፤ በጥያቄ ካልተፋቀ የማይገለጥም አለ፤ የኋለኛው ሲሆን ከመጠን በላይ ፍቆ ቁስሉን የሚያጠልቅ እጅ ከቁስሉ በላይ ይጎዳል፣ ይህም ለአባቶች የተሰጠው ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል። ብየዳው ሲያልቅ ባለሙያው የተገለጠችውን ጫፍ እንደ ነበረች አይተዋትም፤ በቫርኒሽ ወይም በሽፋን ቱቦ መልሶ ይከድናታል፤ የንስሐ አባትም የሰማውን ለማንም የማውጣት ሥልጣን የለውም።