ማታ የምንወደው፣ ቀን የምናስረው



ራሱ ቀኑን ሙሉ ከቤት ርቆ የሚውል ሰው ውሻ ማሳደግ ይገባዋልን? «ስለ ውሻ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም ባለፈው ዓመት ጉዳዩ በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው።

ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ከተከራየሁባት ክፍል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እወጣና ከምሽቱ 3 ሰዓት እመለሳለሁ። የአንድ ባልደረባዬ ውሻ በወለደች ጊዜ፣ «ብቻህን ነው የምትኖረው፤ አንዱን ውሰድና ጓደኛ ይሁንህ» አለኝ። ሁለት ወር የሞላውን ቡችላ ደስ እያለኝ ወሰድሁ። ስሙንም ቡቺ አልሁት።

ጠዋት ፍርፋሪ አቅርቤለት፣ በጣሳ ውሃ ሞልቼለት፣ በረንዳው ምሰሶ ላይ በገመድ አስሬው እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ይዘላል፣ እጄን ይልሳል፣ እግሬ ሥር ይንከባለላል። እኔም «ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከወዴት ይገኛል?» እያልሁ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንዲት እናት በር ላይ አቆሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የምታየው ማታውን ነው፤ ቀኑን የምናየው እኛ ነን። ከወጣህ ጀምሮ እስኪደክመው ሲያለቅስ ይውላል። ገመዱ እግሩ ላይ እየተጠመጠመ ውሃውንም ይደፋዋል» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሰዓቱን ብቆጥረው 14 ሰዓት ተኩል ሆነ። ለካ እኔ ፍቅር ብቻ ነው ብዬ የተደሰትሁበት ዝላይ፣ የአንድ ሙሉ ቀን ጭንቀት ማብቂያ ኖሯል!

እስቲ ነገሩን ከውሻው በኩል እንመልከተው። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ከሰው ጋር መዋል ለእርሱ ቅንጦት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ቡችላ ሲሆን ደግሞ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መብላት አለበት፤ ሽንቱንም ከጥቂት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። በስዊድን አገር ደንቡ ያደገ ውሻ እንኳ በቀን ጊዜ ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዝዛል። እኔ ግን ቡችላውን ከዚያ እጥፍ በሚበልጥ ሰዓት አስሬው እውል ነበር።

እርግጥ ነው፣ ውሻ መጠበቅ ይችላል። በጃፓን አገር ሐቺኮ የተባለው ውሻ፣ ጌታው ፕሮፌሰር ኡዬኖ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ከሞቱ በኋላ፣ እርሱም በ1935 እስኪሞት ድረስ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ይጠብቃቸው ነበር። በ1934 ሐውልት ቆሞለታል። ይህን ስንሰማ የውሻውን ታማኝነት እናደንቃለን። ነገር ግን የእርሱ ትዕግሥት ለእኛ ፈቃድ ሊሆነን ይችላልን? አይችልም። ዝም ብሎ የሚጠብቀን ፍጥረት ባለዕዳ ያደርገናል እንጂ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣንም።

አንዳንዶች፣ «ተርቦ በየመንገዱ ከሚዞር ታስሮ ቢበላ አይሻለውምን? ሠርቶ አዳሪ ሁሉ ውሻ አያሳድግ ማለት ነውን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመንገድ ውሻ አንሥቶ የሚያበላ ሰው መልካም አድርጓል። ሆኖም አንዱን ችግር ማስወገድ ሌላውን ለመፍጠር መብት አይሰጥም። እኔማ ቡቺን ያነሣሁት ከመንገድ ሳይሆን ከእናቱ ጉያ ነው። የወሰድሁትም ስለ እርሱ አስቤ ሳይሆን የራሴን ብቸኝነት ፈርቼ ነው። ብቸኝነቴንም በእርሱ ላይ ጫንሁት እንጂ አላጠፋሁትም።

ሠራተኛ ውሻ አያሳድግ አልልም። ነገር ግን አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። እኩለ ቀን ላይ የሚያየው የቤት ሰው ወይም የተስማማ ጎረቤት አለን? ከቡችላ ይልቅ ያደገ ውሻ መውሰድ ይቻላልን? ጠዋትና ማታ ደክሞትም ቢሆን ያንሸራሽረዋልን? የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱን በየጊዜው ያስከትበዋልን? ይህንስ ከ10 ዓመት በላይ ሊዘልቅበት ይችላልን? መልሱ «አይ» ከሆነ፣ አለመውሰድም ራሱ ፍቅር ነው።

እኔ ዘግይቼ ጠየቅሁ። በመጨረሻም እኚያን እናት ለምኜ ቡቺን ሰጠኋቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሚውሉ ገመዱ ተፈታለት፤ የምግቡንና የክትባቱን ወጪ እኔ እችላለሁ። አሁን ማታ ስገባ ጭራውን ቆላ ቆላ ያደርግልኝና ተመልሶ እርሳቸው እግር ሥር ይተኛል። መጀመሪያ ጊዜ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ «እኔ አምጥቼው!» አልሁ። በኋላ ግን ገባኝ፤ እንደ ድሮው የማይዘለው ቀኑን ሲጨነቅ ስላልዋለ ነው።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድን ፍጥረት እንወዳለን ስንል፣ እኛ በሌለንበት ሰዓት እንዴት እንደሚውል ደግሞ እንጠይቅ።