አሳድጎ ስለ ማረድ

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ጥፋቱን በገዛ እጁ ለሚፈልግ ሰው ነው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን በተረቱ ውስጥ አንድ ሌላ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም የምትጭረው ዶሮዋ ራስዋ መሆንዋ ነው። ጥሬዋን የምትፈልግ እርስዋ፣ ጥላዋን የምትመርጥ እርስዋ፣ ዕንቍላልዋን ታቅፋ ጫጩቶችዋን የምታወጣ እርስዋ፣ ሲመሽም ወደ ቆጥዋ የምትወጣ እርስዋ ናት። ሰው በኑሮዋ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ማለዳ እፍኝ ጥሬ ሲበትንላትና በዓል ሲደርስ ካራ ሲያነሣባት።

ዛሬ በየከተማው ጓሮ የሚረባው የሥጋ ዶሮ ግን እንዲህ አይደለም። ጥሬውንም ጥላውንም ካራውንም የምናመጣው እኛ ነን። እንግዲህ ለማረድ ብለን ለምናሳድገው ፍጡር ምን ዕዳ አለብን? ወይስ የሚታረድ ሁሉ አስቀድሞ የተቈረጠለት ነውና ዕዳ የሚባል ነገር የለም? ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሸዋ ሮቢት፣ በቤታችን ጓሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥጋ ዶሮ ባረባን ጊዜ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ይገባባታል። አፈሯ ለማሽላና ለማሾ፣ ለሽንኩርትም ደግ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ በአንድ ገበያ ይገናኙባታል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው ባይበላም፣ በሕይወት ያለውን ዶሮ ግን አንዱ ከሌላው ይገዛል። ይህ ነገር ኋላ ለምንናገረው ጕዳይ ያስፈልገናልና አንባቢ ይያዝልን።

መንግሥት «የሌማት ትሩፋት» የተባለውን ሥራ በ2015 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ዶሮ ማርባት የብዙ ቤተ ሰብ ወሬ ሆኖ ነበርና፣ እኛም በዚያው ስሜት 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን አስመጣን። ጫጩቶቹ የገቡት ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ ነበር። ሐሳባችንም ለፋሲካ አድርሰን፣ ከፊሉን ለቤታችን አስቀርተን፣ የቀረውን በበዓል ዋጋ መሸጥ ነበር።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው በዚያችው ሌሊት ነው። ቆላ ነውና ማሞቂያ አያስፈልግም አልን። የአንድ ቀን ጫጩት ግን ገና የሚያሞቀው ላባ የለውም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 32 ዲግሪ ያህል ሙቀት ቀንም ሌሊትም ይፈልጋል። የአገር ዶሮ ጫጩት ይህን ሙቀት የሚያገኘው ከእናቱ ክንፍ ሥር ነው፤ የእኛዎቹ ግን የፈለፈላቸው መኪና ነበርና እናት የሚባል አያውቁም። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ። ሲነጋ 4ቱ ከሥር ታፍነው ሞተው አገኘናቸው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነስን፣ ሰጋቱራውን እያደረቅን፣ ለፈንግል በሽታ እያስከተብን ያዝናቸው።

የእነዚህ ዶሮዎች አስተዳደግ ያየውን ሁሉ ያስደንቃል። የአገራችን ዶሮ ለዕርድ ለመድረስ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ እነዚህ ግን በ42 ቀን ከሁለት ኪሎ አለፉ። ይህ የሆነው በመኖ ብቻ አይደለም። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ1957ን፣ የ1978ንና የ2005ን የሥጋ ዶሮ ዘሮች አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ አሳድገው ነበር። በ56ኛው ቀን ሲመዘኑ የመጀመሪያው 905 ግራም፣ ሁለተኛው 1,808 ግራም፣ ሦስተኛው 4,202 ግራም ሆነው ተገኙ። በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ የሰው ምርጫ ዶሮውን ከአራት እጥፍ በላይ አከበደው ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ ዶሮ ረኃብ እንኳ የራሱ አይደለም፤ እኛ በውስጡ ያኖርንበት ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የተባለው ለአገሬው ዶሮ ጨዋታ ነበር፤ በእነዚህ ግን እውነት ሆኖ አየነው።

በ42ኛው ቀን ዶሮዎቹ ደረሱ። ጾሙ 55 ቀን ነውና ፋሲካ ሊሆን 13 ቀን ይቀር ነበር። ጫጩቶቹን ጾሙ በገባ በሁለት ሳምንቱ ብናስመጣ ኖሮ ልክ ይሆን ነበር፤ እኛ ግን ቸኵለን ነበር። የሆነ ሆኖ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የእኛ ጾም አያግዳቸውምና በዚያው ቀን ሊገዙን ፈቃደኞች ነበሩ። እኛ ግን የበዓሉ ዋጋ ይበልጣል ብለን እንቢ አልን። የአገር ዶሮ በዓልን ቢጠብቅ ጕዳት የለበትም፤ የሥጋ ዶሮ ግን ቀን በጨመረ ቍጥር ክብደቱ እግሩንና ልቡን ያስጨንቀዋል። ዶሮ ላብ የለውም፤ ሙቀት ሲበዛበት የሚተርፈው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። በሚያዝያ ቀትር፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ሥር ለተቀመጠ ወፍራም ዶሮ ይህም አይበቃውም።

በ47ኛው ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ለቅሶ ሄደ። ሸለምጥማጥና ድመት እንዳይገባ ብለን የዶሮዎቹን ቤት በርና መስኮት ዘጋን። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ የውሃው መጠጫ ደርቆ፣ 11 ዶሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተው ነበር። የተረፉትም ጭራሽ አልተነሡም፤ አፋቸውን ከፍተው ያዩን ነበር።

ኪሣራችንን እየቈጠርን ሳለን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ መጥተው ዝም ብለው አዩ። «አባባ፣ ይኸው ሙቀቱ ጨረሰብን» አልናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ ሙቀቱስ የቆየ ነው። የአገራችን ዶሮ ሲሞቃት ወደ ግራሩ ጥላ ትሄዳለች። እነዚህን ግን ዘጋችሁባቸው፤ እንግዲህ ጥላቸው እናንተ ነበራችሁ» አሉን። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ እኛም የምንመልሰው አላገኘንም።

ስለዚህ ነገር ሰዎች የሚሰጡን መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኞቹ «ዶሮ ለመብል የተፈጠረች ናት፤ ዛሬ ብትሞት ነገ ብትሞት ምን ለውጥ አለው?» ይላሉ። ነገር ግን ለመብል መሰጠት ለሥቃይ መሰጠት አይደለም። በይፋት የሚኖሩት ሁለቱም ሃይማኖቶች በካራው ላይ የአምላክን ስም ሳይጠሩ አያርዱም። ሕይወት የአራጁ የግል ንብረት ብትሆን ኖሮ የማንንም ስም መጥራት ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኞቹ «እኛ ባናስመጣቸው ኖሮ ከነጭራሹ ባልኖሩ ነበር፤ 40 ቀን መኖራቸውም የእኛ ቸርነት ነው» ይላሉ። ይህ ብልኀት ያለው ንግግር ይመስላል፤ ግን አይጸናም። አባት ልጁን ስለ ወለደ ብቻ ሊያስርበው አይፈቀድለትም፤ እንዲያውም ወልዶታልና ማብላት ግዴታው ነው። ወደ ሕይወት ማምጣት የዕዳ መጀመሪያ ነው እንጂ የዕዳ መክፈያ አይደለም።

ሦስተኞቹ ልበ ርኅሩኆች ናቸው፤ «እኛስ ያሳደግነውን ማረድ አንችልም» ብለው የተበለተ ሥጋ ከሱቅ ይገዛሉ። ሥጋ ጨርሶ የማይበላ ሰው ቃሉና ሥራው አንድ ነውና ልናከብረው ይገባል። እየበሉ ዐይንን መጨፈን ግን ካራውን ከሌላ ሰው እጅ ላይ ያኖረዋል እንጂ አያስቀረውም። ያላዩት ዶሮ በምን ቤት እንደ ኖረና በምን ቀን እንደ ሞተ የሚጠይቅለትም አይኖርም።

እኛ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። ዕዳው በፍጡሩ ላይ ባለን ሥልጣን ልክ ይሰፈራል። የአገሬው ዶሮ ግማሽ ኑሮዋ የራስዋ ነበርና ከእኛ የምትጠብቀው ጥቂት ነው። የሥጋ ዶሮ ግን ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ረኃቡ፣ ክብደቱ፣ የሚሞትበትም ቀን በእጃችን ነው፤ ስለዚህ ለአንዱም ቢሆን በዕድል ማመካኘት አንችልም። ዕዳውም የሚከፈለው በመጨረሻዋ ቀን በሚፈስ እንባ አይደለም፤ ከዚያች ቀን በፊት ባሉት 42 ቀኖች ነው። የ11ዱ ዶሮዎች በደል መሞታቸው አይደለም፤ ሊሞቱ ነበርና። በደሉ ቀናቸው ደርሶ ሳለ ለዋጋ ብለን ማቆየታችንና መሸሻቸውን ዘግተን መሄዳችን ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤቱን አንድ ጎን አፍርሰን በሽቦ ወንፊት ለነፋስ ከፈትነው፤ በቆርቆሮው ላይ ሣር ከደንን፤ መኖውን ማለዳና ማታ ብቻ ሰጥተን በቀትር አነሣን፤ ውሃውን በሸክላ አድርገን በየሰዓቱ አየን። ከተረፉት 35 ዶሮዎች 20ውን በማግሥቱ ለጎረቤቶቻችን ሸጥን፤ የበዓሉን ዋጋ አላገኘንም። የቀሩትን 15 በፋሲካ ዋዜማ አረድን። ካራውን አስቀድመን ሳልን፤ አንዱ የሌላውን ዕርድ እንዳያይ ከቤቱ ጀርባ አደረግን። ታናሹ ልጃችን «ያበላናቸው ለዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ ነገር ልንነግረው አስበን ነበር፤ ነገር ግን «አዎን፣ ለዚህ ነው፤ ስለዚህም ደኅና አድርገን ማብላት ነበረብን» አልነው።

ይህን ሁሉ ስለ ዶሮ ብቻ የጻፍነው የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን በቢሮም በትምህርት ቤትም በቤትም ብዙዎቻችን በሩን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በእጃችን ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ተማሪ ወይም ባለ ጕዳይ ወይም የቤት ሠራተኛ እንደ ልቡ ወደ ጥላ መሄድ አይችልም፤ እስክንከፍትለት ይጠብቃል። እኛም ቍልፉን በኪሳችን ይዘን ለሌላ ጕዳይ እንሄዳለን፤ ስንመለስም ሙቀቱን እንወቅሳለን። እንግዲህ በር ከመዝጋታችን በፊት ሽማግሌው የነገሩንን እናስብ፤ የዘጋነውን ያህል ጥላ የመሆን ግዴታ አለብን።