ሁለት ምጽዋት፤ ለችግረኞች መርጃ ትርኢት ለሚያዘጋጁ ወጣቶች የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፥ ጧሪ ላጡ አረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት የሚውል ገንዘብ ለማግኘት፥ ተውኔትና መዝሙር አሰናድታችሁ ሕዝቡን በአዳራሽ ለመሰብሰብ እንደ ተነሣችሁ በሰማሁ ጊዜ ልቤ በሐሤት ተመላ። መድረክን ከመዝናኛነት ለሚልቅ ጉዳይ ማዋል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኢጣልያ ወረራ እየቀረበ በሄደበት በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለነጻነቱ ያነሣሣ እንደ ነበር ከታሪክ ተምራችኋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ይመራ ዘንድ የተመረጠ ሰው ሁለት ምጽዋት በአደራ እንደሚቀበል አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል፤ አንደኛው ተመልካቹ ለትኬት የሚከፍለው ገንዘብ ነው፥ ሁለተኛውም ያለ ደመወዝ የሚደክመው ወጣት ከዕድሜው ከፍሎ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ፊተኛውን ሁሉም ይጠነቀቅለታል፥ ኋለኛውን ግን ብዙ መሪዎች እንደ ዋዛ ይበትኑታል።

ለልምምድ በዘጠኝ ሰዓት ተቃጥራችሁ ሳለ መሪው በአሥር ሰዓት ቢመጣ፥ ሃያ ሰዎች ተቀምጠው የጠበቁት አንድ ሰዓት ሃያ ሰዓት ሆኖ ከድኻው ድርሻ ይጎድላል፤ ይህም ድርጊት እጅን ወደ ሙዳየ ምጽዋት ሰድዶ ገንዘብ ከማንሣት በምን እንደሚለይ እኔ ልረዳው አልቻልሁም። ደመወዝተኛ የአለቃውን ጥፋት ስለ እንጀራው ሲል ይታገሣል፤ በጎ ፈቃደኛን ግን የሚያስረው የገዛ ፈቃዱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ክብሩ የተነካበት ወይም ድካሙ በከንቱ የቀረበት መስሎ በታየው ቀን ቅሬታውን እንኳ ሳይናገር፥ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ በትሕትና ይቀራል። ስለዚህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ሥራውን ለዩ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለማደስ በተነሣ ጊዜ፥ ያሰበውን ለማንም ሳይገልጥ በሌሊት ፍራሹን ዞሮ መረመረ፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ሥራውን ተከፋፍሎ፥ ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ሠሩ። እናንተም አዳራሹን አስቀድማችሁ ዙሩት፤ ወንበሩን ቍጠሩ፥ መውጫ በሩን እዩ፥ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ማን እንደ ሆነ ወስኑ፤ መጋረጃ የሚስበው፥ ልብስ የሚጠብቀው፥ እንግዳ የሚያስተናግደው፥ ትኬት የሚቈርጠው እያንዳንዱ ስሙ ከነሥራው ተጽፎ ይታወቅ። የፈቃደኛው ቍጥር ከሥራው ቢበልጥ ደግሞ፥ ሙሴ ለመቅደሱ ሥራ የመጣው ስጦታ በበዛ ጊዜ ሕዝቡ ከእንግዲህ እንዳያመጣ አዋጅ እንዳስነገረ ሁሉ፥ ይበቃል ማለትን አትፍሩ፤ ሥራ ፈትቶ ያመሸ ረዳት ለሌላ ጊዜ አይገኝምና።

ስለ ወንበርና ስለ በር መናገሬ ከጉዳዩ ታላቅነት ጋር የማይመጣጠን የሚመስለው ቢኖር፥ የሃንድልን ታሪክ ይስማ። ይህ ስመ ጥር የዜማ ደራሲ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1742 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ «መሲሕ» የተባለውን ድርሰቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ባሰማ ጊዜ፥ ገቢው በዕዳ ለታሰሩ ሰዎችና ለሁለት ሐኪም ቤቶች የተመደበ ነበር፤ አዳራሹም ለሚመጣው ሕዝብ ስለማይበቃ፥ ወይዛዝርቱ ቀሚሳቸውን ወጥሮ የሚያሰፋውን ቀለበት ትተው፥ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ሳይታጠቁ እንዲመጡ በጋዜጣ ተለመኑ። በዚህ ዘዴ 700 ያህል ሰው ገባ፤ 400 ፓውንድ የሚያህል ገንዘብ ተሰበሰበ፥ 142 እስረኞችም ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከወኅኒ ወጡ። ስለ ቀሚስ ስፋት የተጨነቀው ያ አዘጋጅ፥ በእውነቱ ስለ እስረኞቹ የተጨነቀ ሰው ነበር።

መልካም ልብ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዳውን ሌላውን ታሪክ ደግሞ ሳስታውሰው አዝናለሁ። ኋላ ባንግላዴሽ የተባለችው አገር ሕዝብ በአውሎ ነፋስና በጦርነት ተጨንቆ በሚሊዮን የሚቈጠር ስደተኛ ወደ ሕንድ በጎረፈ ጊዜ፥ የሲታር ሊቅ የሆነው ራቪ ሻንካር ሙዚቀኛ ወዳጁን ጆርጅ ሃሪሰንን እርዳታ ጠየቀው፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ዝነኛ ሙዚቀኞች ያለ ክፍያ ተሰባስበው፥ ሐምሌ 25 ቀን 1963 ዓ.ም. በኒውዮርክ፥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፥ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ለ40,000 ያህል ሕዝብ ተጫወቱ። ከመግቢያው የተገኘው 243,000 ዶላር ያህል ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተሰጠ፤ ከሸክላውና ከፊልሙ የተገኘው እጅግ የሚበልጠው ገንዘብ ግን፥ አዘጋጆቹ ከግብር ነጻ የሚያደርጋቸውን ፈቃድ አስቀድመው ስላልጠየቁ፥ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ታግዶ ቈየ። የተራበ ሕፃን ለዓመታት አይቈይም። እናንተም ትኬቱን ከማሳተማችሁ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ገንዘቡ በሁለት ሰዎች ፊርማ ብቻ በሚወጣበት ሒሳብ ባንክ ይግባ፤ ደረሰኙም ተራ ቍጥር ያለው ይሁን፤ ገንዘብ ያዡ የቅርብ ወዳጃችሁ ቢሆን እንኳ በዚህ አይቀየም፥ ሥርዐቱ የእርሱንም ስም ከሐሜት የሚጠብቅለት ነውና።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ የምትረዷቸውን አረጋውያንና ሕፃናት ወደ መድረክ አውጥታችሁ መከራቸውን በገዛ አፋቸው አታስተርኩ። የተመልካቹ ልብ ይራራ ይሆናል፥ ኪሱም ይከፈት ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሕፃን በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሲሰለፍ፥ ሕዝብ ያየው ዕንባው ይከተለዋል። በቅዱስ ወንጌል ምጽዋት ስታደርጉ መለከት አታስነፉ የተባለው ለሰጪው ነፍስ ጥቅም ብቻ አይመስለኝም፤ ለተቀባዩም ክብር ነው። ስለ ኑሯቸው መናገር ካስፈለገ የሚኖሩበት ቤት አስተዳዳሪ በጥቂት ቃል ይናገር፤ እነርሱ ለመምጣት ከፈቀዱ ግን በፊተኛው ረድፍ፥ እንደ ማንኛውም የተከበረ እንግዳ፥ ተቀምጠው ይመልከቱ።

ትርኢቱ ባለፈ በሳምንቱ ውስጥ፥ ከዋናው ተዋናይ ጀምሮ አዳራሹን እስከ ጠረገው ድረስ የደከሙትን ሁሉ ሰብስባችሁ፥ ገቢውንና ወጪውን ከነደረሰኙ አንብቡላቸው፤ ጥያቄም ሲነሣ መሪው ፊቱን ሳያጠቍር ይመልስ። ገንዘቡ በሚሰጥበት ቀን፥ ተመልካች ካላያቸው ከእነዚያ መጋረጃ ሳቢዎችና ወንበር ደርዳሪዎች መካከል ሁለት ሦስቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዘቡን ለአረጋውያኑና ለሕፃናቱ ቤት እነርሱ ራሳቸው ያስረክቡ፥ ደረሰኙንም እነርሱ ፈርመው ይቀበሉ።