ማን ይቀብራችኋል?

ሰው ለመሰብሰብ የጋራ እምነት ያስፈልገዋል ወይስ ሰው መሆኑ ብቻ ይበቃዋል? ይህ ጥያቄ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሲነሣ ቀላል ነው። አንዱ እጁን አውጥቶ ይደግፋል፤ ሌላው ይቃወማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችንም ደብተራችንን ይዘን ወደ ምሳ ሰልፍ እንሮጣለን። ጥያቄው የሚከብደው አገር ቤት ሲገባ፣ ድንኳንና ጋን መዋስ ሲያስፈልግ ነው። እኛ የቆቦ ልጆች የደረሰብን ይኸው ነውና፣ ከነስሕተታችን ለጓደኞቻችን ማካፈሉን መረጥን።

እኛ ዐሥራ አንድ ነን። ስድስታችን ክርስቲያን፣ ሦስታችን እስላም፣ ሁለቱ ደግሞ «እምነታችን ሰው ነው» የሚሉ። ዶርም ውስጥ አንድ ሻይ ተካፍለን የምንጠጣ፣ የሥጋ ቀን ሲሆን ግን ሰሃናችንን ለየብቻ የምንይዝ ነን። አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ ሁላችንም ያለ ስስትና ያለ ፍርሃት የምንቀመጥበት አንድ ቀን የለንም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እውነትም አልነበረንም። ፋሲካው የአንዱ ነው፤ ዒዱ የሌላው ነው። ስለዚህ የራሳችን ቀን እናውጣ ተባባልን። በክረምቱ ዕረፍት፣ ሁላችንም ቆቦ በምንገኝበት በነሐሴ አጋማሽ፣ ጸሎት የሌለበት፣ ዱአ የሌለበት፣ ዕርድ የሌለበት ስብሰባ እናደርጋለን፤ ግጥም ይነበባል፣ ውይይት ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል። ስሙንም «የሰው ቀን» አልነው። ያን ጊዜ ዓለምን አንድ እርምጃ ያራመድን ነበር የመሰለን!

ወንበርና ድንኳን ለመዋስ ወደ ሰፈራችን ቅሬ ሄድን። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት አዲስ አበቤው ዕድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ኀዘንተኛውን የሚያስተዛዝን ማኅበር። በብዙ የወሎ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይታቀፋል። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ናቸው። ዕቅዳችንን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ቀናችሁ መልካም ነው። ወንበሩንም ውሰዱ። ብቻ ሰው ሲሞትባችሁ ማን ይቀብራችኋል?» አሉን። አመስግነን ወጣን፤ መንገድ ላይ ግን ሳቅን። ስለ ሕይወት ስንነግራቸው ስለ ሞት መለሱልን፣ ያረጀ ሰው ነገር አልን።

አሁን ስናስበው ጥያቄው የእርጅና አልነበረም። ሰዎች አዲስ በዓል ሲያወጡ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰባት ቀን የነበረውን ሳምንት ዐሥር ቀን አድርገው፣ ሰንበትንም የቅዱሳንንም ቀን ሽረው አዲስ የዘመን አቆጣጠር ደነገጉ። ገበሬው ግን በሰባት ቀን ያገኝ የነበረውን ዕረፍት በዐሥር ቀን እንዲያገኝ ተደረገ ማለት ነው፤ አልወደደውም። አቆጣጠሩ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ኖሮ ቀረ። ፈላስፋው ኦጉስት ኮምት ደግሞ በ1849 «የሰው ልጅ ሃይማኖት» ላለው ትምህርቱ ዓመቱን በ13 ወር ከፍሎ፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በታላላቅ ሰዎች ስም ጠራቸው። ዐሥራ ሦስት ወር ለእኛ ብርቅ ባይሆንም፣ የሱ አቆጣጠር ከጥቂት ተከታዮቹ ቤት አልፎ ገበያ አልወጣም። ወደ አገራችን እንመለስና፣ ደርግ መስከረም 2ን የአብዮት በዓል ብሎ በሰልፍና በባንዲራ አከበረ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በዓሉም አብሮ ወደቀ፤ ማንም እናት ለዚያ ቀን ብላ ድፎ አልደፋችም።

እነዚህን ሦስቱን ምን ያመሳስላቸዋል? ሐሳብ አላቸው፤ አዋጅ ወይም መጽሐፍ አላቸው፤ ጎረቤት ግን የላቸውም። በዓል ከላይ ወርዶ ሰውን አይሰበስብም። ቀድሞ የተሰበሰበ ሰው ነው በዓልን የሚያቆመው። ሽማግሌው «ማን ይቀብራችኋል?» ሲሉን ይህንኑ ነበር የጠየቁን፦ ከቀናችሁ በፊት ማኅበር አላችሁ ወይ?

ታዲያ የተሰበሰበ ሰው ከየት ይመጣል? በአገራችን ሁለት መንገድ እናያለን።

አንደኛው የወሎ መንገድ ነው። ልዩነቱን አይሰርዝም፤ ሁለት ጊዜ ያርዳል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚያርድ እስላም ይጠራል፤ ድስቱ ይለያል፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ። ለደቦ የወጣ ሰው ማሽላ ሲያጭድ ማጭዱ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ከቁርስ በኋላ ሽማግሌው ዱአ ሲያደርጉ ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። ይህ ሁሉ የመንግሥት ስጦታ አይደለም። በአዲስ አበባ የእስላሙ እኩልነት ይከበር ተብሎ ታላቁ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ ሥራ የሚዘጋባቸው ቀኖች የሆኑትም ከዚያ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ነው። ቆቦ ላይ ግን ጎረቤት የጎረቤቱን ዒድ ለማወቅ ያን አዋጅ ሲጠብቅ አልኖረም። አዋጁ ፍትሕ ነበር፤ ሆኖም ዘግይቶ የደረሰ ፍትሕ ነው።

ሁለተኛው የአውራ አምባ መንገድ ነው። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማ ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር የመሠረቷት መንደር ናት። ዙምራ በልጅነታቸው፣ ሰው ሁሉ የአንድ ፈጣሪ ፍጡር ከሆነ እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላው ለምንድን ነው ብለው ይጠይቁ እንደነበር ተናግረዋል። መልሳቸውም ልዩነቱን ማቻቻል ሳይሆን መተው ሆነ። በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። በፈጣሪ ያምናሉ፤ የሃይማኖት በዓላትን አያከብሩም፤ አዲስ ዓመትን ግን ያከብራሉ። ሠርጋቸው ድግስ የለውም። ሰው ሲሞት ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል። አረጋውያንና ድውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ለዚህም ዋጋ ከፍለዋል፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ጥላቻውና ማሳደዱ ሲበረታባቸው ተሰደው ቦንጋ ድረስ ሄደው ኖረዋል፤ የተመለሱት በ1985 ዓ.ም. ነው።

ዐሥራ አንዳችን በዚህ ተከፋፈልን። የአውራ አምባ ደጋፊዎች፣ «ወሎ ግድግዳውን ቀለም ቀባው እንጂ አላፈረሰውም፤ ድስቱ እስከ ዛሬ ሁለት ነው» አሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ የሚባለውንና ደራሲው ማን ነው በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታም ጠቀሱ። እዚያ ውስጥ ጾሙም፣ የምግብ ሕጉም በልቡና ብርሃን ይመረመራል። የወሎ ደጋፊዎች ደግሞ፣ «ግድግዳውን ለማፍረስ የግድ ከጎረቤት መራቅ ካስፈለገ ምኑን ሰብአዊነት ሆነ? አውራ አምባ ሁሉንም ሰው ስትቀበል ራሷ ለብቻዋ ቀረች» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አልቆመም፤ የቆመው በሌላ ምክንያት ነው።

የሰው ቀናችንን ለነሐሴ 17 ቆርጠን ነበር። ቆቦ ላይ ያ ሰሞን የሶለል ሰሞን ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ አምረው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ የሚባለው ነው። ዓመቱን ሙሉ እንጨትና ውሃ ስትሸከም የኖረች ልጅ «የት ነበርሽ?» ሳትባል የምትውልበት ቀን ነው። በ17 ጧት ወንበራችንን ስንደረድር ከሰፈሩ ጫፍ ጩኸት ሰማን። አንዲት እስላም እናት፣ ስንቱን ልጅ ያዋለዱ ሴት፣ ዐረፉ።

ከበሮው ወዲያው ቆመ። ማንም «አቁሙ» አላለም። ወንዶቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ፤ አስከሬኑ በዚያው ቀን ተቀበረ። የደረደርነው ወንበር ራሱ ተነሥቶ ለቀስተኛ ተቀመጠበት። የሰው ቀን ተብሎ የተዋሰው ወንበር የሰው ቀን ሆነለት ማለት ይቻላል። እኛም ተነክተን፣ «ይኸው መልሱ፣ ወሎ አሸነፈ» ለማለት ተቻኩለን ነበር።

ግን ያን ማታ የአንዳችን ታናሽ እህት እንስራዋን አውርዳ፣ «ወንድምጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችው። «ከበሮውን ማቆማችን ደግ ነው፤ እትዬ እኔንም አዋልደውኛል፤ ነገም ቢሆን አልመታም። ግን እናንተ ቀብራችሁ ስትመለሱ ተቀመጣችሁ። እኛ ከቦኖ ስንመላለስ፣ ስንጋግር፣ ቡና ስናፈላ ዋልን። በዓመት ሦስት ቀን ናት ያለችን። ውሃውን እናንተ ብትቀዱት ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረንም። ፈላስፋውን ስንጠቅስ የከረምን ዐሥራ አንድ ተማሪዎች፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ዝም አሰኘችን። የምንኮራበት አብሮ መኖር ዕዳው አለው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ወገን ነው። ሁለት ጊዜ ሲታረድ ሁለት ጊዜ የምትቀቅለው ማን ናት? አውራ አምባ የጠየቀችው ይህንን ነው፤ እኛ ግን ስለ ሥጋው ብቻ የጠየቀች መስሎን ነበር።

ይህን ስንል ቅሬውን ለማቃለል አይደለም። የቆቦ ሰው የቀብርን ነገር በቀልድ አይናገርም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የወሎ ቆላ ምን እንዳየ አባቶቻችን ያውቃሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቆቦ ብዙ ሲቪሎች ሲገደሉ፣ ሬሳ ያነሣውና የቀበረው ነዋሪው ራሱ ነው። በዓመቱም ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በራሱ በሶለል ሰሞን፣ ጦርነቱ በዚያው በቆቦ ግንባር እንደገና ተቀሰቀሰ። ሽማግሌው «ማን ይቀብራችኋል?» ሲሉ ይህን ሁሉ አይተው ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ጥያቄ ስቀናል!

እንግዲህ የደረስንበት ይህ ነው። ሰው ለመሰብሰብ አንድ እምነት አያስፈልገውም፤ ቅሬው ምስክር ነው። ሰው መሆን ብቻም አይበቃም፤ የእኛ ወንበር ምስክር ነው። የሚያስፈልገው በክፉ ቀን የተፈተነ ግዴታ ነው፦ መዋጮው፣ ዶማው፣ እንስራው። ግዴታው ደግሞ ፍትሐዊ የሚሆነው እንስራው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዞር ብቻ ነው። ከወሎ «ማንም ሳይቀበር አይቀርም» የሚለውን፣ ከአውራ አምባ «ሥራ ጾታ የለውም» የሚለውን ብንወስድ፣ የሁለቱም ልጆች እንሆናለን እንጂ የሁለቱም ከዳተኞች አንሆንም።

አንዳንዱ ጓደኛችን፣ ይህ አስታራቂ መልስ ነው፣ ድስቱን አንድ ለማድረግ ፈርታችሁ ነው ይለናል። ምናልባት። ሁለቱ «እምነታችን ሰው ነው» ባዮች አሁንም አልተስማሙም፤ መብታቸው ነው። ድስቱ አንድ የሚሆንበት ቀን ቢመጣ አንጠላም። እስከዚያው ግን ማን ምን በላ ከሚለው ይልቅ ማን ቀቀለው የሚለው ይቀድማል ባዮች ነን።

ዐሥራ አንዳችን በቅሬው ተመዝግበናል፤ መዋጮአችንን ከኪስ ገንዘባችን እንልካለን። በሚቀጥለው ክረምት የሰው ቀን ብለን ወንበር አንደረድርም። በሶለል ቀኖች፣ ለቅሶ ኖረም አልኖረም፣ የሰፈራችንን ውሃ እኛ እንቀዳለን። ዳኛው ይህንን ስንነግራቸው አልሳቁም፤ «እንስራ መሸከም ትችላላችሁ?» ብቻ አሉን። እውነቱን ለመናገር እስካሁን አልሞከርነውም።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ጓደኛችን በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን፤ አንብበን እንመልሳለን።