የአጋር አቁማዳ፦ ስለ ፍቺ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቀለብ



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 አብርሃም አጋርን ከልጅዋ ጋር ባሰናበታት ማለዳ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ እንዳሸከማት እናነባለን። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውኃው አለቀ፤ እናቲቱም ልጅዋን ከቍጥቋጦ ሥር ትታ ሞቱን ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ይህን ምንባብ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ይስሐቅ ለማለፍ እንቸኩላለን። እግዚአብሔር ግን በዚያ ስፍራ የልጁን ድምፅ ሰማ። ስለ አብርሃም እምነት አንከራከርም፤ ያስያዘው ስንቅ ግን ለመንገድ እንኳ አልበቃም።

ይህን ያስታወሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ባልዋ ሁለት ልጆች ጥሎባት ሌላ ጎጆ ከቀለሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። «አባ፣ ቀለብ እንዲቆርጥላቸው ፍርድ ቤት ብከስሰው ተክሊሌን ማፍረሴ ነውን? ከቅዱስ ቁርባንስ እከለከላለሁን?» አለችን። እንዲህ ብሎ ያስፈራራት ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን አንዱ ነው። እርሱንም አንወቅሰውም፤ እኛ ያላስተማርነውን ከየት ያመጣዋል?

በተጠመቁ ሰዎች መካከል በሚገባ የተፈጸመውንና የጸናውን ጋብቻ ሊፈታ የሚችል የሰው ሥልጣን የለም (ማቴ. 19፥6)። የመንግሥት ፍርድ ቤት የሚሰጠው የፍቺ ውሳኔ በእግዚአብሔር ፊት ያለውን ማሰሪያ አይበጥስም፤ በዚያ ተማምኖ ሌላ ማግባትም አይቻልም። ይህን ደጋግመን ሰብከናል። ያልሰበክነው ሌላው ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2383፣ ሕጋዊ መብትን፣ የልጆችን አያያዝ ወይም ውርስን ለማስጠበቅ ከመንግሥታዊ ፍቺ በቀር ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ ይህን ማድረግ የግብረ ገብ ጥፋት እንደማይሆን ያስተምራል። የልጅን ቀለብ ለመጠየቅማ ፍቺም ግዴታ አይደለም። ያለ ጥፋትዋ ተትታ ለቃል ኪዳንዋ ታምና የምትኖር ሚስትም ከምስጢራት እንደማትከለከል ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ክርስቲያናዊ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር (ቍ. 83) ገልጸዋል።

የሀገራችን ሕግም በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113፣ ፍቺን የሚወስን ፍርድ ቤት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ወላጆችና ልጆች ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመረምራል፤ ሁኔታው ከተለወጠም ውሳኔው ሊለወጥ ይችላል። የክልሎች ሕግ በዝርዝሩ ሊለይ ስለሚችል በየአካባቢያችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ አባቶች እንመለስ። በሽምግልና ላይ «ተክሊል አይፈርስምና ፍርድ ቤት አታቁሙኝ» የሚል ባል ገጥሞናል፤ ትዳሩን ትቶ በትዳሩ ክብር የሚሸሸግ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን (ቀኖና 1154) ባለትዳሮች ሲለያዩ ለልጆቻቸው ቀለብና አስተዳደግ በሚገባ እንዲታሰብ ያዛል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ቤተሰቡን የማይረዳውን ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቈጥረዋል (1ጢሞ. 5፥8)። ለፋሲካ በግ፣ ለመስከረም ደብተር ልኮ ዓመቱን ሙሉ ዝም ማለት ከዚያች አቁማዳ አይበልጥም። እናቶችም አንዳንድ ጊዜ ቀለቡ ስለ ዘገየ ልጁን ከአባቱ ትሰውራላችሁ። ቍጣችሁ ይገባናል፤ ልጁ ግን የዕዳ መያዣ አይደለም።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እንዲህ ያለች እናት ስትመጣ በመጀመሪያ ልጆቹ ምን እንደሚበሉና ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደሆነ ጠይቁአት። ፍርድ ቤት ለመቆም ከፈራች አብራችሁአት ሂዱ። የልጆቹ የልደት ማስረጃ ከሌላት ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ላኩአት፤ የተወለዱበት ቀንና የአባታቸው ስም በጥምቀት መዝገባችን ላይ ተጽፎአልና፣ ምስክር ወረቀቱን ያለ ክፍያ እንሰጣታለን።