ምድር የጠበቀችውና ሰው የሚቀብረው

አደራ የተቀበለ ሰው ባለገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ይገባዋል። ባለገንዘቡ ገና ያልተወለደ እንደ ሆነ ግን ምን ይደረጋል? በዩራኒየም ኀይል መብራት የሚያበራ ሕዝብ፥ ጨረር የሚያወጣውን ትራፊ ከመሬት በታች ሲቀብር፥ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጡ ሰዎች ውሃ የሚቀዱበትን ምድር ይነካልና፥ ይህ ጥያቄ ይመለከተዋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት በጋቦን አገር ኦክሎ ከሚባል ስፍራ የወጣውን ዩራኒየም ሲመረምሩ ጉድለት አገኙበት። ዩራኒየም 235 የሚባለው ወገን በሌላው ማዕድን ከመቶ እጅ 0.720 ሲሆን፥ በዚያ 0.717 ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱ ግን ታላቅ ሆነ። ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ ሰው ሳይኖር፥ በማዕድኑ መካከል የሚያልፈው ውሃ ኒውትሮን የሚባሉትን ረቂቃን ሩጫቸውን እያዘገየ፥ የአቶም መከፈል ካንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ አድርጎ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ውሃው ይተንና ሥራው ይቆማል፤ ውሃው ሲመለስ እንደ ገና ይጀምራል። እንዲህም ሲሆን ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ቈየ።

በዚያ የተወለደው ፕሉቶኒየም እኩሌታው እስኪያልቅ 24,100 ዓመት ይፈጃል፤ ሆኖም ከስፍራው ሳይርቅ ወደ ዩራኒየም ተለወጠ። እኩሌታው እስኪያልቅ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚፈጀው አዮዲን 129 ግን አብዛኛው አመለጠ። ዛሬም ሁለቱ በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ይወለዳሉ።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፥ «ምድር ይህን ያህል ዘመን ከጠበቀች፥ ሰውም ያለ ሥጋት ይቅበር» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ምድር አንዱን ስትጠብቅ ሌላውን ለቃለች። ደግሞም የሚመሰክረው የጠበቀው ስፍራ ብቻ ነው፤ ያልጠበቀውና ውሃ አጥቦ የበተነው ማዕድን ለምስክርነት አልቀረም። ከሁሉም በላይ፥ ምድር ሳታውቅ ስላደረገችው አትጠየቅም፤ ሰው ግን ያውቃል፤ ማወቁም ባለዕዳ ያደርገዋል።

በፊንላንድ ኦንካሎ በተባለ ስፍራ፥ ትራፊውን በመዳብ ሣጥንና በሸክላ አፈር ከበው ሊያኖሩበት ከ400 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ዋሻ በዐለት ውስጥ ተቈፍሯል። ይህ ጥንቃቄ ከኦክሎ የሚገኘውን ትምህርት በቀና መንገድ መውሰድ ነው፤ የምድርን ጠባይ መማር እንጂ በርሷ ማመካኘት አይደለምና። በመብራቱ የተጠቀመው ትውልድ ያለ ነው፤ ውሃውን የሚጠጣው ግን ዛሬ ቆሞ ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ የማይከራከረውን ሰው ድርሻ መጠበቅ ከአደራ ሁሉ የከበደ አደራ ነው።